የበየድኩት አውቶቡስ

በሩን ከፍተው ገፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ማጠፊያውን ነበር። ሦስት ነጥብ ብየዳ፣ የመሐሉ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ደግሜ ማየት አላስፈለገኝም። ኤሌክትሮድ አልቆብኝ በቁራጭ የጨረስኩት፣ «ይህን ደግሞ ማን ያየዋል» ብዬ ያለፍኩት የራሴ ብየዳ ነው።

የያዙኝ ጠዋት ነው። መቱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ጋራዤ፣ ከአንድ አይሱዙ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስሠራ እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። ሁለት ናቸው፤ አንዱን በመልክ አውቀዋለሁ። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለህ» አለኝ። «አሁን ትመለሳለህ» የተባለ ሰው ብርድ ልብስ ይዞ መሄድ እንዳለበት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እጄን እንኳ በናፍጣ ሳልታጠብ በቱታዬ ሄድኩ።

ያቆዩን አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። በየትኛው ከተማ እንደነበር አልናገርም፤ ዛሬም ቡና ይቀመጥበታል፣ ባለቤቱም ምንም አላጠፋም። መጋዘኑ በእስረኛ ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ተኝቶ ስለነበር እኔን ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እዚያ አውቶቡሱ ቆሟል። ከተገለበጠበት ጎትተው አምጥተው፣ ጎማዎቹን ነቅለው በግንድና በድንጋይ ላይ አስቀምጠውታል። ቀኝ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። መጋዘኑ ያልበቃውን እስረኛ የሚያጉሩት እዚህ ነበር።

መጀመሪያ ሽታው ነው ፊቴን የመታኝ። ሽንት አለ፣ ላብ አለ፣ ናፍጣ አለ፤ ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ጣፋጭ የሚመስል ሌላ ሽታ አለ። ወለሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የደረቀውን ነገር ዝንብ ሸፍኖት ነበር። ከአምስት ቀን በፊት እዚህ ወለል ላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ደማቸውን ማንም አላጠበውም። በላዩ እኛን አስቀመጡ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

አየር የሚገባው እኔ በቆረጥኳቸው ቀዳዳዎች ብቻ ነበር። የመስኮቱን መስታወት በሙሉ አውጥቼ በቦታው ላሜራ ብረት በይጄ፣ በየጎኑ ሰባት ሰባት ቀዳዳ ከፍቻለሁ፤ ለጠመንጃ አፈሙዝ። መጀመሪያ ስፋታቸውን ስድስት ጣት ለክቼ ነበር። ያሠራኝ ሰው «አጥብበው» ሲለኝ አራት አደረግኩት። አሁን አሥራ አንድ ሰው ተራ ይዞ በእነዚያ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ።

የዚህን አውቶቡስ ታሪክ ከእኔና ከሹፌሩ ሌላ በደንብ የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመት በጋራዤ አልፏል። ከመቱ ጎሬ፣ ከመቱ ሁሩሙ፣ አንዳንዴም እስከ በደሌ ሰው ይጭን ነበር። የገበያ ሰው ማሩን በጀሪካን ይዞ ይሳፈርበታል፣ ተማሪ ለፈተና ይሄድበታል፣ ሙሽራ ከነፍራሿ ትጫንበታለች። አንዲት ሴት ሆስፒታል ሳትደርስ የኋላ ወንበር ላይ ወልዳበታለች። ያ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የሰፈሩ ሰው «ተሳፋሪው» ይለዋል። ታማሚም ሬሳም ጭኗል። ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ወርዶ እየሳቀ ይገፋው ነበር።

ከዚያ አገሩ ተበላሸ። ጫካ የገቡት መጥተው ይጠይቃሉ፣ ከተማ ያሉት መጥተው ይጠይቃሉ፤ ለአንዱ የመለስክለትን ሌላው ይሰማል። ከተማ ያሉት አውቶቡሱን «ለሦስት ቀን» ብለው ወሰዱት። ባለቤቱ ሌላ አገር የሚኖር ሰው ነው፤ በስልክ ነገሩት እንጂ አልጠየቁትም። ሹፌሩን ደግሞ «ጠባዩን አንተ ታውቃለህ፣ አብረህ ና» አሉት። ከሳምንት በኋላ ጋራዤ ደጃፍ አምጥተው አቆሙት። ያመጣው ሰው በሚሊሻው ላይ ኃላፊ ነበር፤ ወፍራም፣ ንጹህ ለባሽ፣ ሲናገር ጥርሱን የሚፍቅ ሰው። «ሸፍነው» አለኝ። «ጥይት እንዳያልፈው አድርገህ ሸፍነው።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የሚቻል አይመስለኝም። ግን አሳምሬ መሥራት አልተገደድኩም። ወንበሮቹን አወጣሁ፤ ብዙ ሰው እንዲቆምበት ነው። ላሜራውን ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ። በአራተኛው ቀን ስጨርስ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄጄ አየሁትና ደስ አለኝ። መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ መገጣጠሚያው አይታይም። ያባቴ ቤት ሲዘረፍ አብሬ ዘረፍኩ እንዳለው ነው ሰውዬው። ያ ደስታዬ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያቅለሸልሸኛል።

ፍሬኑ ያን ብረት እንደማይችል አውቅ ነበር። ለኃላፊው ነገርኩት።

«በዚህ ሁሉ ክብደት ላይ ሰው ከተጫነ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይዝም።»

«አንተ በያጅ ነህ ሹፌር?»

«በያጅም መካኒክም ነኝ።»

«እንግዲያው በይድ።»

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ለሹፌሩ ግን ለብቻው ነገርኩት፤ «ጋሼ፣ ሰው ጭነው ከጎሬ ቁልቁል እንዳይወርዱ። ባዶውን፣ እሱንም በአንደኛ ማርሽ።» ራሱን ነቀነቀ። የሁሩሙ ሰው ነው፣ ስድሳ ያለፈው፣ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ። እንደ እሱ ያለ ሰው እንዲህ ሲመከር ደስ እንደማይለው አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የዋለበትን ሁሉ ያየሁት ለጥገና ሲመጣ ነው። ሚሊሻ ወደ ጎሬ ይወስዳል፣ ወደ ኡካ ይወስዳል፣ ሲመለስ እጁ የታሰረ ሰው ይዞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ከሰው ቤት የተነቀለ ቆርቆሮና አልጋ ጭኖ መጣ። ሌላ ጊዜ የኋላ ባሌስትራው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ንብርብር ብረት፣ ተሰብሮ ሲመጣ ወለሉ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ አገኘሁ፤ አንድ እግር ብቻ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አንስቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩትና ባሌስትራውን ቀየርኩ።

በመጨረሻ ከጎሬ ሲወርድ ተገለበጠ። ሰባት ሚሊሻ ሞተ። ሁሉም የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ የአንዳንዶቹን ቤተሰብ አውቃለሁ። ሹፌሩን በዚያው ቀን አሰሩት። እኔን በአምስተኛው ቀን።

እሱም እዚያው ነበር። ከኋላ ጥግ፣ ድሮ ሴትየዋ የወለደችበት ወንበር በነበረበት ቦታ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ጉያው ውስጥ አስገብቶታል። ሳየው ንዴት እንጂ ሐዘን አልተሰማኝም። ነግሬዎት አልነበረም ወይ፣ ነው ያልኩት በልቤ። ሰላም ሳልለው ፊቴን አዞርኩ።

ቀድሞ እሱ ጠራኝ።

«አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ? ኮቱ፣ ና ልጄ፣ ተቀመጥ። ወንበር እንዳልልህ ወንበሩን አንተው አውጥተኸዋል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች። ክረምቱ እየወጣ ስለነበር ፀሐይዋ ከዝናብ በኋላ ስትመጣ ትፋጃለች፤ ብረቱ ጋለ። ግድግዳውን የሚነካ የለም። ጥግ ያለችው ባልዲ ሞልታ ስለነበር ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትፈስሳለች፤ ጠባቂው ሲለመን «ቆይ» ይላል። አጠገቤ አንድ መምህር ነበር፤ ክፍል ውስጥ የተናገረው ነገር ተወስዶበት የታሰረ ሰው ነው። ሸሚዙን አውልቆ በአፍንጫው ላይ አስሮታል። «ትለምደዋለህ» አለኝ። መልመዱን ነበር የፈራሁት።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ጠሩኝ። ከመጋዘኑ አጠገብ ያለች ንጹህ ክፍል ውስጥ ያ ኃላፊ ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል። ግንባሩ ላይ ፕላስተር አለ። በምን ቆሰልክ ብዬ አልጠየቅሁም፣ አላሰብኩትምም። ክፍሏ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። እኔ ከራሴ ላይ የሚወጣው ሽታ አሳፈረኝ። እስቲ ማን ማፈር ነበረበት?

አንድ ሙዝ ገፋ አደረገልኝ። በላሁት። ያን ሙዝ የበላሁበትን ፍጥነት ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

«ይኸውልህ፣ አንተ ባለሙያ ነህ» አለኝ። «መኪናውን እንዳንተ የሚያውቀው የለም።»

«የማውቀውን ልናገር እችላለሁ።»

«አትድከም። ተጽፏል። አንብበውና ፈርም።»

ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፎ የተዘጋጀ ነው፤ ከታች ስሜ አለ። አውቶቡሱ ከእኔ ጋራዥ ሲወጣ ፍሬኑ ሙሉ ጤነኛ ነበር ይላል። ሹፌሩ ከጫካ ካሉት ጋር ተስማምቶ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሳይቆም፣ ፍሬኑን ሳይፈትሽ ሆን ብሎ ገለበጠው ይላል።

«ይህ ከተፈረመ ሽማግሌው ምን ይሆናል?»

«የሕግ ጉዳይ ነው። ሰባት ሰው ሞቷል፤ አንተው ገምተው።»

«ካልፈረምኩስ?»

ሙዙን ውጦ እጁን በሶፍት ጠረገ። «ያኔማ ፍሬኑ ጤነኛ አልነበረም ማለት ነዋ። ፍሬኑን የሠራው ማን ነው?» አለ። «እስከ አሥር ሰዓት ወስን። ከፈረምክ እራትህን ከልጆችህ ጋር ትበላለህ።»

እውነቱን ልናገር፤ ለመፈረም ወስኜ ነው የተመለስኩት። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሚስቴ የት እንደገባሁ አታውቅም። ከጫካ ጋር ተስማማ የሚለው ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሳይቆም፣ ሳይፈትሽ የሚለውን አምኜዋለሁ። ሽማግሌ ሹፌር ይኮራል፣ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ይላል፣ ምክር አይሰማም። እንዲያ ባይሆን ሰው ጭኖ ለምን ወረደ? ከወረቀቱ ግማሹ እውነት ነው አልኩ ለራሴ። ግማሹ እውነት የሆነ ውሸት ለመፈረም እንዴት እንደሚቀል አይጣል ነው።

ምሳ መጣ። ለአራት ሰው አንድ ትሪ፣ ቀዝቃዛ ሽሮ የፈሰሰበት እንጀራ። እኔ፣ መምህሩና አንድ ገበሬ የሹፌሩ ትሪ ደረሰንና ወደ ጥጉ ሄድን። ትሪው ሲቀመጥ ሽማግሌው ፊቱን ወደ ብረቱ አዞረ።

«አይበላም» አለኝ መምህሩ። «ከመጣ ጀምሮ ትሪ አይቀርብም። ጠዋት ዳቦ ሲሰጡን ብቻ ዞር ብሎ ይቀምሳል። ጾም ይዞ መስሎን ነበር።»

«ጋሼ፣ ለምን አይበሉም?»

«ብሉ እናንተ። እኔ ደህና ነኝ።»

«አምስት ቀን ሙሉ?»

ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቀኝ እጁ አሁንም ጉያው ውስጥ ነው። ያኔ ገባኝ።

«ቀኝዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ተወው ልጄ።»

«በግራዎ ይብሉ እንግዲህ። እስር ቤት ነው፣ ማን ይፈርዳል?»

ተቆጣ። «በግራዬ ሰው ትሪ ውስጥ ልግባ? እናቴ ከመቃብር ትነሳብኛለች!» አለ። በዚህ ሽታ፣ ባልዲዋ በምትፈስበት ቦታ፣ በሰው ደም ላይ ተቀምጦ፣ የሰውን ገበታ ላለማቆሸሽ አምስት ቀን ተርቧል። አንድ ሰዓት ያልሞላውን ሙዝ አስታወስኩ።

እጁን ይዤ ጨርቁን ፈታሁ። አልከለከለኝም። ጨርቁ ከቆዳው ተጣብቆ ስለነበር በምራቄ እያራስኩ ነው የፈታሁት። መዳፉ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሏል፤ ከጣቶቹ ሥር እስከ አንጓው ነጭና ቢጫ ሆኖ ይመግላል። በዳሩ ላይ ወደ ውስጥ የሰረሰረ ቅስት መስመር አለ። ያን መስመር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የታምቡር ጠርዝ ነው። ታምቡር ከጎማው ኋላ ያለው፣ ፍሬኑ የሚነክሰው ክብ ብረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ አገር ሹፌር ቁልቁለት አናት ላይ ቆሞ ታምቡሩን ሲፈትሽ በእጁ ጀርባ ነው የሚነካው። የጋለ ከሆነ እጁ ራሱ ይሸሻል፤ ቢቃጠልም ጀርባው ነው። በመዳፍ የሚነካ የለም። መዳፍ መሪ መያዣ ነው። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው አይረሳውም።

«ቆመው ነበር» አልኩት። «ወርደው ፈትሸዋል።»

«ቆሜ ነበር እንጂ።»

«ታዲያ በመዳፍዎ ለምን ነኩት?»

ሹክ እያለ ነገረኝ። ከኡካ እየተመለሱ ነበር፤ ጎሬ ሳይደርሱ ባለው ቁልቁለት ፍሬኑ መላላት ጀምሯል። ጎሬን እንዳለፉ፣ ትልቁ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት አቆመ። ወርዶ በእጁ ጀርባ ነካው፤ እሳት ነው።

«ሰው ይውረድና በእግሩ ይሂድ፣ ሲበርድ እኔ ባዶውን አወርደዋለሁ አልኩት።»

«ማንን?»

«ከፊት አጠገቤ የተቀመጠውን ነዋ። ያን ኃላፊ። አሁን ግንባሩ ላይ ፕላስተር የለጠፈውን።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «'አይግልም፣ ትዋሻለህ፣ ጫካ ያሉት እስኪደርሱ ልታቆመን ነው' አለኝ። ልጆቹም ፈሩ፤ ጠመንጃቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። በምን ላሳምነው? መዳፌን ታምቡሩ ላይ ለጠፍኩት። ሽታው እስኪወጣ ያዝኩት። ቆዳዬ እዚያው ቀረ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ። 'ሽማግሌው ቲያትር ያውቃል' አለና ሽጉጡን ጭኑ ላይ አደረገ። ነዳሁ። ልጄ፣ መንዳት አልነበረብኝም። ግን ነዳሁ።»

ፍሬኑ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አለቀ። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ተራራ። ከተራራው ጋር አጋጭቶ ሊያቆመው ሞከረ፤ ብረቱ ከብዶ ገለበጠው። ሃያ ስድስት ነበሩ። ገደሉ ቢወስዳቸው ሁሉም አይኖሩም ነበር። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ሰባቱ ብቻ ነው። ሁለቱ በቀኝ በኩል ቆመው እንደነበር፣ አንደኛው «አባቴ፣ ቀስ በል» እንዳለው ነገረኝ። 

እንጀራ ቆረስኩ፣ ሽሮውን ጠቅልዬ ወደ አፉ አቀረብኩ። እጄ ላይ የአይሱዙው ዘይት ገና አለ። ፊቱን አዞረ። «ጋሼ፣ በሞቴ» አልኩት። አፉን ከፈተ። ሲያኝክ አይኑን ጨፍኖ ነበር። ሁለተኛውን መምህሩ አጎረሰው፣ ሦስተኛውን ገበሬው።  ከዚያ ትሪ እኔ አልቀመስኩም፤ አልራበኝም።

አሥር ሰዓት ላይ መጡና ወሰዱኝ። ኃላፊው እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ተቀብዬ ከተጻፈው ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ በእጄ ጻፍኩ። ቃሉ እስካሁን አልጠፋኝም። «ወንበሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብረቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፍሬኑ እንደማይችለው አውቄ በይጃለሁ። ሹፌሩ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሟል፣ ፍሬኑ እንደጋለ ተናግሯል፤ መዳፉ ይታይ። ንዳ ብሎ ያዘዘው ከፊት የተቀመጠው ኃላፊ ነው።» ከዚያ ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ አልተለወጠም። ወረቀቱን ቀደደና ሌላ ቅጂ ከመሳቢያው አወጣ።

«እንደ ሰው ፈርም።»

ያንኑ ጻፍኩ። የሁለተኛው ጽሑፍ አያምርም፤ ግን ይነበባል። ሦስተኛ ወረቀት አልመጣም። ከዚያ የመጣውን አልጽፈውም። ግራ ጆሮዬ ዛሬም ክረምት ሲገባ ይጮሃል፤ ይበቃል።

ወደ አውቶቡሱ ሲመልሱኝ ሹፌሩ ፊቴን አየ። በሰውነቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ቀዳዳው ሥር ያለውን ቦታውን ለቀቀልኝ። እኔ አምስት ወር ቆየሁ፣ እሱ ስምንት። ያለ ባለሙያ ፊርማ መዝገቡ አልቆመላቸውም መሰለኝ፤ ወይም ሰልችቷቸዋል። ለምን እንደታሰርን የነገረን እንደሌለ ሁሉ ለምን እንደተፈታንም የነገረን የለም። ኃላፊው ተዛወረ። አድጎ ነው ይላሉ።

አውቶቡሱ ዛሬም ይሠራል። ብረቱን ሌላ ጋራዥ ነቀለው፣ ጎኑን ቀጠቀጡት፣ መስታወትና ወንበር ገጠሙለት፣ ሰማያዊ ቀቡት። በሌላ መስመር ሰው ይጭናል። አንድ ቀን መናኸሪያ ቆሞ አየሁት፤ ሰዎች ውስጡ ተቀምጠው በቆሎ እየጋጡ ይሳሳቃሉ። ምንም አላጠፉም፣ አያውቁም። እኔ ግን ጥግ ሄጄ አስመለሰኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ጋራዤ ድረስ መጣች። የሁሩሙ ሰው ናት፣ ማር የምትሸጥ፣ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቆማ ስሠራ ስታየኝ ቆየች።

«ብረቱን የበየድከው አንተ ነህ?»

የትኛውን ብረት ብዬ አልጠየቅኳትም። «እኔ ነኝ እትዬ።»

«ልጄ እዚያ ውስጥ ነበር። ሹፌሩ ሸጦት ገደለው አሉኝ፤ በቀብሩ ላይ ቆመው ነው የነገሩኝ። ሰሞኑን ደግሞ አብሮህ የታሰረው መምህር እንዲያ አይደለም አለኝ።»

በርጩማ ሰጠኋት። አልተቀመጠችም። በዚያ ወረቀት ላይ የጻፍኩትን በሙሉ፣ ኃላፊው የቀደደውን፣ ለእሷ በቃሌ ነገርኳት። የራሴንም አልተውኩም። ፍሬኑ እንደማይችል አውቄ እንደበየድኩ ነገርኳት።

«ሲገለበጥ ተቀምጦ ነበር?» አለችኝ።

«አይ እትዬ። ቆመው ነበር። ወንበሩን አውጥቼዋለሁ።»

ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ «ሹፌሩ ጋ ውሰደኝ» አለች። «ልጄ ከተቀበረ ጀምሮ ስረግመው ነው የኖርኩት። እርግማኑን ሳላነሳለት ብሞት ለእኔ ይተርፈኛል።»

በዚያው ቀን ወሰድኳት። ሽማግሌው አሁን አይነዳም፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። ከሁሩሙ ወጣ ብሎ ንብ ያረባል። እሷ እንደ አገሩ የእርቅ ወግ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነቅላ ይዛ ገባች። ማን እንደሆነች ስትነግረው ተነስቶ ቆመ። ሣሩን መዳፉ ላይ አደረገችለት፤ መያዝ ስላልቻለ በሁለት እጇ ጣቶቹን አጥፋ ያዘችለት። በኦሮምኛ፣ ቀስ እያለች፣ የረገመችውን አንድ በአንድ እየጠራች አነሳችለት፤ አይኑን፣ እግሩን፣ ልጆቹን፣ ደጁን። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ይላል፤ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል።

ስንመለስ እሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ ሊያልቅ ሲል አላስችል አለኝ።

«እኔስ እትዬ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም።

«አንተንማ ረግሜህ አላውቅም» አለች። «መኖርህንም አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁህ። ላስብበት።»

ዓመት ሊሞላው ነው። በገበያ ቀን አንዳንዴ አያታለሁ፤ ሰላም እላታለሁ፣ ሰላም ትለኛለች። እስካሁን ምንም አላለችኝም። እኔም አልጠይቃትም።